ምዕራፍ አምስት፦ ሚዛኑ የሚያጋድለው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1941 ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የእንግሊዝ ምስጢር ፈቺዎች ግቢ፣ «ሃት 8» ተብሎ በሚጠራ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ሠራተኞች ረጃጅም ወረቀቶች ላይ ጎንበስ ብለው ቀዳዳ ይቆጥሩ ነበር። ወረቀቶቹ ባንበሪ በምትባል ከተማ የታተሙ ናቸው። እያንዳንዱ ወረቀት ከጀርመን ባሕር ኃይል የተጠለፈ አንድ የምስጢር መልእክት ይዟል፤ እያንዳንዱ ፊደልም በየቦታው በቀዳዳ ተመልክቷል። ሠራተኛዋ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ትደርብና ወደ ጎን እያንሸራተተች ቀዳዳ ከቀዳዳ የሚገጥምበትን ቦታ ትፈልጋለች። ሁለቱ መልእክቶች የተመሰጠሩት ኢኒግማ የተባለው መሣሪያ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ላይ ሳለ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ይኸው ነው።

በእርግጠኝነት ሊመልስ የሚችል ሰው አልነበረም። ጊዜም አልነበረም፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያ ስንቅና ነዳጅ የሚያጓጉዙትን መርከቦች እያሰጠሙ ነው። የሒሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ ያመጣው መላ እርግጠኝነትን ትቶ ክብደትን መለካት ነበር። ሁለት መልእክቶች ዝምድና ከሌላቸው ፊደሎቻቸው በአጋጣሚ የሚገጥሙት በአማካይ ከ26 አንድ ጊዜ ነው። በአንድ አቀማመጥ የተመሰጠሩ ከሆኑ ግን፣ ጀርመንኛ የሚያዘወትራቸው ፊደሎች ስላሉ፣ ከ17 አንድ ጊዜ ያህል ይገጥማሉ። ስለዚህ አንድ ፊደል በገጠመ ቁጥር «አዎ» ለሚለው መልስ ትንሽ ክብደት ይጨመራል፤ ሳይገጥም በቀረ ቁጥር ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ክብደት ይቀነሳል። ሒሳቡ ሲሠራ አንድ ግጥምጥም ከሃያ ያህል አለመግጠሞች ጋር ይስተካከላል። ቱሪንግ ለዚህ ክብደት መለኪያ አበጀለት፤ ወረቀቶቹ ከታተሙባት ከተማ ስም ወስዶ «ባን» አለው፣ አንድ አሥረኛውንም «ዴሲባን»። የሥራ ባልደረባው ጃክ ጉድ እንደጻፈው፣ አንድ ዴሲባን የሰው ልቡና ሊለየው የሚችለው ትንሹ የማስረጃ ለውጥ ያህል ነው።

ክብደቱ እየተደመረ ሄዶ አስቀድሞ ከተቆረጠለት ነጥብ ሲያልፍ መልሱ «አዎ» ይሆናል። በጣም ወርዶ ከተገኘ ጥንዱ ይጣላል። በመካከል ከሆነ ቆጠራው ይቀጥላል። ዋናው ብልሃት ያለው መቁረጫው ነጥብ ላይ ነው። ነጥቡ ዝቅ ካለ የተሳሳቱ ጥንዶች ሾልከው ይገቡና «ቦምብ» የተባሉትን ግዙፍ ምስጢር ፈቺ ማሽኖች በከንቱ ያደክማሉ። ከፍ ካለ ደግሞ እውነተኛዎቹ ጥንዶች ያመልጣሉ፤ ሰርጓጅ መርከቦቹም ጊዜ ያገኛሉ። ማስረጃ ብቻውን ውሳኔ አይሆንም፤ «እዚህ ላይ ይበቃል» የሚል ያስፈልገዋል።

ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ጆሹዋ ጎልድና ማይክል ሻድለን የተባሉ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። የብሌችሊ ፓርኩን የመሰለ ሒሳብ በአንጎል ሕዋሳት ውስጥም ይሠራል የሚል ነበር። ሕዋሳቱ ማስረጃ ይደምራሉ፤ ድምሩ ልክ ላይ ሲደርስ ይቆርጣሉ።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚያ ይነሣል። ሰው ሲወስን የማያውቀው ነገር ድንገት አይገለጥለትም፤ አንጎሉ ያላወቀውን እንደያዘ ይመዝናል። ሚዛኑ የሚያጋድልበትን ቦታ የሚቆርጠው ደግሞ የማስረጃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ መሳሳት የሚያስከፍለው ዋጋም ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ስለምንረሳ በብዙ ሰዎች ላይ፣ በተለይም በድሆች ላይ፣ ያለ አግባብ እንፈርዳለን።

የሚርመሰመሱ ነጥቦች

ሙከራው ቀላል ይመስላል። ጦጣው ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ይርመሰመሳሉ። ብዙዎቹ እንዳሻቸው ይዘላሉ፤ ጥቂቶቹ ግን በአንድነት ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያመራሉ። የጦጣው ሥራ በአንድነት የሚሄዱት ወዴት እንደሚያመሩ ለይቶ ዓይኑን ወደዚያው ማዞር ነው። ሲያገኘው የሚጠጣ ነገር ይሰጠዋል። በአንድነት የሚሄዱት ከመቶ ሃምሳ ያህል ሲሆኑ ጥያቄው ለማንም አይከብድም። ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ሲሆኑ ግን ዓይን የሚጨብጠው ነገር አያገኝም ማለት ይቻላል።

ይህን የሙከራ መንገድ ዊሊያም ኒውሰምና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አዳብረውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጄሚ ሮይትማንና ማይክል ሻድለን፣ ሲያትል ከተማ ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ጦጣው እየወሰነ ሳለ የነጠላ ሕዋሳትን የኤሌክትሪክ ምት ቀዱ። ያዩት የሁለት ዓይነት ሕዋሳትን የሥራ ክፍፍል ግልጽ አደረገ። የመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴን በሚለየው የእይታ ክፍል ውስጥ ያሉ ናቸው። እነርሱ በየቅጽበቱ የታያቸውን ይናገራሉ፤ «አሁን ወደ ቀኝ»፣ «አሁን ወደ ግራ»፣ «አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ»። ያለፈውን አይዙም፤ ንግግራቸውም በስህተት የተሞላ ነው። ሁለተኛዎቹ በአንጎል የላይኛው የኋላ ጎን ይገኛሉ። የእነርሱ ምት ከመጀመሪያዎቹ የመጣውን የሚደምር ይመስላል።

ነጥቦቹ በግልጽ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የሁለተኛዎቹ ሕዋሳት ምት በፍጥነት ያሻቅባል። ነጥቦቹ ሲደናገሩ ቀስ እያለ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይወጣል። አስደናቂው ነገር መጨረሻው ነው። ፈጥኖም ይውጣ ዘግይቶ፣ ምቱ ከሞላ ጎደል እኩል ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዓይኑ ይዞራል። ውሳኔ ያንን ከፍታ መንካት ነው።

ተመራማሪዎቹ አንድ ተጨማሪ ነገር አደረጉ። አንዳንዴ በአንድነት የሚሄድ ነጥብ ጨርሶ እንዳይኖር አደረጉ፤ ያን ጊዜ ትክክለኛ መልስ የለም። ጦጣው ግን ይወስናል። የሚደመረው የአጋጣሚ ውዥንብር ብቻ ቢሆንም ምቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከፍታውን ይነካል፤ ዓይን ይዞራል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ስህተት ሁልጊዜ የሰነፍ ወይም የግዴለሽ ምልክት አይደለም። ማስረጃው ደካማ ሲሆን በትክክል የሚመዝን አንጎልም አንዳንዴ ወደ ተሳሳተው ወገን ይደርሳል፤ ይህ ከራሱ ከመመዘን ጋር የሚመጣ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ውሳኔ የሚቀመጥበትን ስፍራ አገኘን ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት የሚደምሩ የሚመስሉትን ሕዋሳት ለጊዜው አፍዝዞ ሲሞክር፣ ጦጣዎቹ በዚያው ብቃት መወሰናቸውን ቀጠሉ። የእንቅስቃሴ መለያውን ክፍል ሲያፈዝዙት ግን ውሳኔያቸው ክፉኛ ተበላሸ። ድምሩ በአንድ ክፍል ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ብዙ የአንጎል ክፍሎች በአንድነት ይይዙታል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሸፍናል።

«ቆይ እስቲ» የሚለው ክፍል

መቁረጫው ነጥብ ዝቅ ሲል ፈጥነን እንወስናለን፤ ብዙ እንሳሳታለን። ከፍ ሲል እንዘገያለን፤ ስህተታችንም ይቀንሳል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ነጥቡን ዝቅ ማድረግ ግዴታው ነው፤ በወንጀል ችሎት የተቀመጠ ዳኛ ደግሞ ከፍ ማድረግ ግዴታው ነው። ጤናማ አንጎል ነጥቡን እንደ ሁኔታው ያንቀሳቅሳል።

በአንጎል ጥልቅ ክፍል ያለች አንዲት ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ በዚህ ሥራ ላይ ድርሻ አላት። የፓርኪንሰን ሕመም የጠናባቸው ሰዎች የሰውነታቸው መንቀጥቀጥና መገተር እንዲቀንስ እዚያ ስፍራ ላይ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይተከልላቸዋል። ተመራማሪው ማይክል ፍራንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እነዚህን ሕሙማን ተቀራራቢ ዋጋ ካላቸው ነገሮች እንዲመርጡ አደረጓቸው። ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሁለቱ ምርጫዎች ሲቀራረቡ ይዘገያል። ሽቦው እየሠራ ሳለ ግን ሕሙማኑ አልዘገዩም፤ እንዲያውም ቸኮሉ። ያቺ ስብስብ ምርጫው አከራካሪ ሲሆን «ቆይ እስቲ» የምትል ናት፤ ድምፅዋ ሲታወክ መቁረጫው ነጥብ ዝቅ ይላል። ትዕግሥት የጠባይ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሥጋዊ መሠረት አለው።

ሚዛኑ ከባዶ አይጀምርም

እስካሁን ማስረጃው ብቻ የሚመዘን አስመስለን ነበር። ሚዛኑ ግን ማስረጃ ሳይጫንበትም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ይህን በሒሳብ ያስቀመጠው ቶማስ ቤይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሰባኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 አረፈ፤ ጽሑፉን ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ ከወረቀቶቹ መካከል አግኝቶ በ1763 አሳተመለት። ቁም ነገሩ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ቀድሞ በምናውቀው ላይ መደመር አለበት የሚል ነው።

ይህን መዘንጋት ምን እንደሚያስከትል ጌርድ ጊገሬንዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ አሳይቷል። ከ1,000 ሴቶች 10ሩ የጡት ካንሰር አለባቸው እንበል። የራጅ ምርመራው ከ10ሩ 9ኙን ያገኛቸዋል። ካንሰር ከሌለባቸው 990 ሴቶች መካከል ደግሞ 89 ያህሉን በስህተት «አለባችሁ» ይላቸዋል። ምርመራው «አለ» ያላት አንዲት ሴት በእርግጥ ካንሰር ሊኖርባት የሚችለው በምን ያህል ዕድል ነው? ቁጥሮቹ በመቶኛ ሲሰጧቸው፣ ከ160 የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ትክክለኛውን መልስ የመረጡት ከመቶ 21ዱ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ከመቶ ሰማንያና ዘጠና አሉ። ከላይ እንዳደረግነው ሰው በሰው ሲቆጠር ግን መልሱ ቁልጭ ይላል፤ «አለባችሁ» ከተባሉት 98 ሴቶች ካንሰር ያለባቸው 9ኙ ናቸው፤ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም።

ሐኪሞቹ ዕውቀት የጎደላቸው ሆነው አይደለም። የአንጎላችን ሚዛን የተሠራው ያየነውንና የቆጠርነውን ለመመዘን ነው፤ መቶኛ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው። ሐኪሞቹ ሰው በሰው መቁጠር ከተማሩ በኋላ በትክክል የመለሱት ከመቶ 87 ደረሱ። አንድ ሐኪም «ከመቶ ይህን ያህል» ሲላችሁ «ከአንድ ሺህ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ስንቶቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ አላስፈላጊ ድንጋጤን ይከላከላል።

ከጠበቁት መቅረት የሚማሩ ሕዋሳት

ሚዛኑ መጀመሪያ የሚያዘነብልበትን አቅጣጫ የሚሰጠው ያለፈ ኑሯችን ነው። ኑሮ እንዴት ወደ ሕዋስ እንደሚገባ ያሳየው የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስ ነው። ሹልትስ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲሠራ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩ የጦጣ ሕዋሳትን ምት ቀዳ። ጭማቂ ድንገት ሲሰጥ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ጭማቂው ሁልጊዜ ከአንድ ምልክት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ጥቂት ቆይቶ ሕዋሳቱ የሚመልሱት ለምልክቱ ይሆናል፤ ለጭማቂው ዝም ይላሉ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀርስ? ልክ ሊመጣ በሚገባው ቅጽበት ምታቸው ዝቅ ይላል። የሚያመለክቱት የተገኘውንና የተጠበቀውን ልዩነት ነው። በዚህ ልዩነት የነገው ግምት ይታረማል። ሹልትስ፣ ፒተር ዳያንና ሪድ ሞንታግ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙት፤ ዛሬ ከነርቭ ሳይንስ ምሰሶዎች አንዱ ነው።

ሹልትስና ባልደረቦቹ በ2003 ሌላ ነገር ጨመሩ። ጭማቂው ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ ሲቀር፣ በምልክቱና በውጤቱ መካከል ባለው የመጠበቂያ ጊዜ ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ እየጋሉ ይሄዳሉ። ይህ መጋል ከሁሉ የሚበረታው ዕድሉ እኩል በእኩል ሲሆን ነው። አለማወቁ ራሱ አንጎልን ያነሣሣዋል ማለት ነው። በከተሞቻችን የተበራከቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች የሚነግዱት ከገንዘቡ ባልተናነሰ በዚህ የመጠበቅ ሙቀት ነው። ልጆቻችንን «አትበላም፣ ቤቱ ነው የሚበላው» ብለን ስንመክር እውነት እንናገራለን፤ ግን ትግሉ ከሒሳብ ዕውቀት ጋር ብቻ እንዳልሆነ ልናውቅላቸው ይገባል።

ዕድሉ ራሱ ሳይታወቅ ሲቀር

ሁለት ማሰሮዎች አሉ እንበል። አንዱ ውስጥ 50 ቀይና 50 ጥቁር ኳሶች አሉ። ሌላው ውስጥም 100 ቀይና ጥቁር ኳሶች አሉ፤ ስንቱ ቀይ ስንቱ ጥቁር እንደሆነ ግን አልተነገረም። ቀይ ኳስ ካወጣችሁ ትሸለማላችሁ። ከየትኛው ታወጣላችሁ? ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ይላል። ሽልማቱ ለጥቁር ኳስ ቢሆንስ? አሁንም ከመጀመሪያው። በሒሳብ ይህ አይገጥምም፤ በሁለተኛው ማሰሮ ቀዩ ያንሳል ብለን ከፈራን ጥቁሩ ይበዛል ማለት ነበረብን። ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው ዳንኤል ኤልስበርግ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፉ የመንግሥት ምስጢራዊ ሰነዶችን ለጋዜጦች አሳልፎ በመስጠት ዓለም ያወቀው ሰው።

ኢኮኖሚስቱ ፍራንክ ናይት ቀደም ብሎ፣ በ1921፣ በሚሰላ አደጋና በማይሰላ አለማወቅ መካከል ልዩነት እንዳለ ጽፎ ነበር። አንጎልም ሁለቱን ይለያቸዋል። በ2005 በኤምአርአይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሉ ያልታወቀ ውርርድ ሲቀርብ፣ የስጋት ምልክቶችን የሚያስተናግደው አሚግዳላና ከግንባር ሥር ያለው የአንጎል ክፍል ይበልጥ ይነቃሉ፤ ሽልማትን የሚጠብቀው ክፍል ደግሞ ይቀዘቅዛል።

ይህ አለማወቅ ምን ያህል እንደሚከብድ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ2016 የታተመ ጥናት ለክቶታል። 45 ፈቃደኞች በኮምፒውተር ላይ ድንጋይ እየገለጡ ከሥሩ እባብ ይኑር አይኑር ይገምታሉ። እባብ ካለ እጃቸውን የሚያሳምም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይመታቸዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ሲለካ፣ ጭንቀታቸው ከሁሉ የበረታው ንዝረቱ መምጣቱ እኩል በእኩል አጠራጣሪ ሲሆን ነበር። በእርግጠኝነት እንደሚመታቸው ባወቁ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ተጨነቁ። የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ ሕመምተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ያልተቆረጠለት ስደተኛ ይህን ያውቁታል። «ይቁረጥልኝ፣ የመጣው ይምጣ» የሚሉት ፈሪዎች ስለሆኑ አይደለም።

ስሜት የሌለው ሚዛን

ታዲያ ስሜት ባይኖረን በተሻለ እንወስን ነበር? የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ «ኤሊዮት» ብሎ የሰየመው ሕመምተኛ መልሱን ይሰጠናል። ከግንባሩ ጀርባ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ከዕጢው ጋር የተጎዳው የአንጎሉ ክፍልም ተወገደ። የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተናዎችን በደንብ አለፈ። ትዝታውም ንግግሩም ደህና ነበር። ግን መወሰን አቃተው፤ ሥራውን አጣ፣ ትዳሩ ፈረሰ። ዳማሲዮ ስለ ሌላ ተመሳሳይ ሕመምተኛም ይነግረናል። ለቀጠሮ ከሁለት ቀኖች አንዱን እንዲመርጥ ሲጠየቅ፣ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት ሲዘረዝር ቆየ። ምክንያት አላነሰውም፤ ያነሰው ምክንያቶቹን የሚያከብድ ስሜት ነው።

በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ አንትዋን ቤካራ ከዳማሲዮ ጋር ሆኖ ይህን በአራት የካርታ ክምሮች ፈተነው። ሁለቱ ክምሮች በእያንዳንዱ ካርታ 100 ዶላር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን መሐል ላይ ከባድ ቅጣት ያመጣሉ፤ መጨረሻቸው ኪሳራ ነው። ሁለቱ 50 ዶላር ብቻ ይሰጣሉ፤ ቅጣታቸው ቀላል ነው፤ መጨረሻቸው ትርፍ ነው። ጤነኞቹ ተጫዋቾች ነገሩ ገና ሳይገባቸው፣ እጃቸው ወደ መጥፎው ክምር ሲሄድ መዳፋቸው ማላብ ጀመረ። እንደ ኤሊዮት ያ የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው ግን ያ ላብ አልነበራቸውም፤ ኪሳራውን እያዩ ወደ መጥፎዎቹ ክምሮች ይመለሱ ነበር። ስሜት ያለፈ ኪሳራ በሰውነት ውስጥ ያኖረው ማስረጃ ነው፤ እርሱን አውጥቶ መጣል ሚዛኑን ባዶ ማድረግ ነው።

እባብና ልጥ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ስንል ሰውየው አለቅጥ ፈራ ማለታችን ነው። ግን ሒሳቡን እናስላ። ልጥን እባብ ብሎ የሸሸ ሰው የሚከፍለው አንድ ዝላይ ነው። እባብን ልጥ ብሎ የረገጠ ሰው የሚከፍለው ሕይወቱን ነው። ሁለቱ ስህተቶች እኩል ዋጋ ከሌላቸው፣ ጥሩ ሚዛን ርካሹን ስህተት ደጋግሞ እየሠራ ውዱን ማምለጥ አለበት። የበረየው ሰው አንጎል አልተሳሳተም፤ መቁረጫውን ነጥብ እንደ ዋጋው አስቀመጠው።

የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ንድፈ ሐሳብ፣ ለሰው ማጣት ከማግኘት እንደሚከብድ አሳዩ፤ በ1992 ባወጡት ስሌት የማጣት ክብደት ከሁለት እጥፍ በጥቂት ይበልጣል። በ1981 ባቀረቡት ሌላ ጥያቄ ደግሞ 600 ሰዎችን ሊገድል የሚችል ወረርሽኝ መጣ አሉ። «200 ሰዎች በእርግጠኝነት ይድናሉ» የሚለው መርሐ ግብር ከአንድ አጠራጣሪ አማራጭ ጋር ሲቀርብ ከመቶ 72ቱ መላሾች መረጡት። ያው መርሐ ግብር «400 ሰዎች በእርግጠኝነት ይሞታሉ» ተብሎ ለሌሎች ሲቀርብ፣ ከመቶ 78ቱ ትተውት አጠራጣሪውን አማራጭ ወሰዱ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ነገሩ እንደ ትርፍ ወይስ እንደ ኪሳራ መነገሩ ነው። ካነማን በ2002 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ሲቀበል ትቨርስኪ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ይህ ሁሉ ከስክሪንና ከካርታ ወጥቶ ከኑሮ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ይግዛ አይግዛ የሚወስነው ክረምቱ እንዴት እንደሚሆን ሳያውቅ ነው። ዝናቡ ካማረ ማዳበሪያው ዋጋውን ይመልሳል። ዝናቡ ከቀረ እህሉም ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይቀርም። ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን በ2011 ያሳተሙት በኢትዮጵያ ገበሬ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ማዳበሪያ ከመጠቀም የሚያግደው የገንዘብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። አዝመራው ቢከሽፍ ቤተሰቡ የሚወድቅበት ችግር ፍርሃትም ያግደዋል። የተጠራቀመ ጥሪት ያለው ሰው አንድ መጥፎ ዓመት ይጎዳዋል፤ ሌላው ዓመት ይክሰዋል። ጥሪት የሌለው ሰው በአንድ መጥፎ ዓመት በሬውን ይሸጣል፤ በሬ ከሌለ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ የለም። ለሁለቱ የአንድ ስህተት ዋጋ እኩል አይደለም፤ መቁረጫ ነጥባቸውም እኩል ሊሆን አይችልም።

ለዘመናት «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም፣ ልማድ ያሰረው ነው» ሲባል ሰምተናል። በአየር ጠባይ ላይ ሕይወቱን የሚያስይዝ ሰው ከማንኛችንም በላይ የሚመዝን ሰው ነው። እንዲደፍር ከተፈለገ ስብከት አይበቃም፤ የኪሳራው ዋጋ መቀነስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ አዲ ሃ በተባለች መንደር፣ 200 ያህል ቤተሰቦች የገቡበት የዝናብ መድን በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነበር። የዝናቡ መጠን በሳተላይት ይለካ ነበር፤ ከተወሰነው ልክ ካነሰ ለጤፍ አምራቹ ካሳ ይከፈል ነበር። ጥሬ ገንዘብ የሌላቸው ድሆች የመድኑን ክፍያ በጉልበት ሥራ መሸፈን ይችሉ ነበር። የሚያስመሰግነው ነገር የመድኑ አዘጋጆች ገበሬውን ሊለውጡት አለመነሣታቸው ነው፤ የለወጡት ከሚዛኑ በአንዱ ወገን ያለውን ጭነት ነው።

ፍርዳችን ምን ላይ ይቁም?

ተመራማሪዎቹ ጆናታን ባሮንና ጆን ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ሐኪም ውሳኔ ለሰዎች አቀረቡ። ሐኪሙ ለአንድ የ55 ዓመት የልብ ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምና ወሰነለት። ታሪኩ አንዴ ሕመምተኛው ዳነ ተብሎ፣ አንዴ ሞተ ተብሎ ቀረበ። ሐኪሙ ሲወስን የነበረው መረጃ አንድ ነው። ያም ሆኖ ሞተ ሲባል መላሾቹ ውሳኔውን አብዝተው ነቀፉ። በቤታችንም፣ በመሥሪያ ቤታችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የተሳካለትን «ብልህ»፣ ያልተሳካለትን «ሞኝ» እንላለን።

ስለ አንጎል ያወቅነው ግን ሌላ ዓይነት ፍርድ ያስተምረናል። ማስረጃ ደካማ ሲሆን ጥሩ ውሳኔም ይከሽፋል፣ መጥፎ ውሳኔም ይሰምራል። ስለዚህ የአንድን ሰው ውሳኔ ስንመረምር አራት ነገር እንጠይቅ። በጊዜው የነበረው ማስረጃ ምን ነበር? ሚዛኑ ከየት ጀመረ? መቁረጫው ነጥብ ለጉዳዩ ይመጥናል? ቢሳሳት ኖሮ የሚከፍለው ምን ነበር? እነዚህን ሳይጠይቅ በውጤት ብቻ የሚፈርድ አለቃ የበታቾቹን ኃላፊነት መሸሽ ያስተምራቸዋል፤ በውጤት ብቻ የሚፈርድ ወላጅም ልጁን መሞከር ያስፈራዋል።

ለራሳችንም ያው ነው። እርግጠኛ እስክንሆን መጠበቅ ከውሳኔ ነፃ አያወጣንም፤ መዘግየትም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሳናይ እንከፍለዋለን እንጂ። እርግጠኝነት ብዙ ጊዜ አይመጣም። በእጃችን ያለው ማስረጃን በሐቀኝነት መደመር፣ «ይህን ያህል ካየሁ እወስናለሁ» ብሎ ነጥቡን አስቀድሞ መቁረጥ፣ ከዚያም ደርሶ መወሰን ነው። እንደ ማኅበረሰብ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በእጃችን አለ። ሰዎች እንዲደፍሩ ከፈለግን አንድ ስህተት ሕይወታቸውን የማያፈርስበት ኑሮ እንሥራላቸው፤ አንጎላቸው የቀረውን መመዘን ያውቅበታል።